መስመር አርባ ሰባት

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ከወፍጮ ቤት ጀርባ፣
ሌሊቱ ሲጋመስ፣ ዝናቡ ሲገባ፣
እኔ ባሕር አያለሁ።
ባሕር ነክቼ አላውቅም። አወይቱን ግን አውቃለሁ፤
በድልድዩ ስር ሲያልፍ፣ ፌስታልና ቅጠል አዝሎ፣
ክረምት ሲሆን ብቻ "ወንዝ ነኝ" ብሎ።

ሳልወለድ በፊት ነው፤ አንዲት መርከብ አልፋ፣
አራት ኪሎ ሜትር ጅራት ከኋላዋ አሰልፋ፣
የታመቀ አየር በየአሥር ሰከንዱ ስትተኩስ፣
ድምፁ ወርዶ፣ ከጭቃ ከአለት ተላትሞ ሲመለስ፣
ጅራቷ ላይ በተሰኩ ጆሮዎች ለቅማ ያኖረችው፣
አማካሪዬ በፍላሽ ገልብጣ ያመጣችው፣
ስሙ መስመር አርባ ሰባት ነው።

ጥቁርና ነጭ ክር፣ እንደ ጥለት ድርብርብ፣
ጥልቀቱ በሜትር ሳይሆን በሰከንድ የሚነበብ፤
ሁለት ሰከንድ ከምናምን ላይ፣ ከለስላሳው ደለል መሐል፣
አንድ ነገር ተቀምጧል፤ ጀርባው ሜዳ፣ ጠርዙ ገደል።
ሆዱ ውስጥ መስመር የለም፤ ጭር ያለ፣ የደበዘዘ፣
ግርጌው ያለው ንጣፍ ግን ወደ ላይ የተመዘዘ።

"እሳተ ገሞራ ነው" አለኝ የክፍሌ ልጅ ነስረዲን፤
"ከስር የገፋ ባይኖር ማን አጎበጠው ግርጌውን?"
እኔ ግን የኖራ ድንጋይ መድረክ ነው ባይ ነበርኩ፤
ጥቃቅን ነፍሳት በአጥንታቸው የገነቡት ሰፈር ነው አልኩ።
ባሕሩ አንድ ጣት ሲጨምር አንድ ጣት እየጨመሩ፣
ፀሐይዋን እንዳያጡ ሬሳ በሬሳ እየደረደሩ፣
ስንት ሚሊዮን ዓመት ከውሃው ጋር ሲሽቀዳደሙ፣
አንድ ዘመን ላይ፣ ማንም ሳይጽፈው፣ ደከሙ።
ጭቃ መጣ።
ከዚያ ሌላ ጭቃ መጣ።
ያ ሁሉ ሰፈር ስሙን አጣ።

ይህን የሚለኝ ግን ልቤ ነው፤ ልብ ደግሞ መረጃ አይሆንም፤
የመመረቂያ ጽሑፍ ምዕራፍ አራት "ልቤ" ተብሎ አይጀመርም።

አባቴ፣ አባ ሜጫ፣ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበረ፤
ከቦሳ ኪቶ እስከ ጅሬን ስንቱን ግቢ ቦረቦረ።
ድጅኖውን ያነሳና መሬቱን መታ፣ መታ፣
አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዝም ይላል፣ ለአፍታ፤
"እዚህ ውሃ አለ" ይላል፤ ወይም "አለት ነው፣ ተዉት"፤
ያልሰማው ሰው በሦስተኛው ቀን ይተርፈዋል ስባሪ ብረት።
አሁን ግራ ጆሮው ሄዷል።
ቀኙም ለመሄድ ተሰናድቷል።

በዚያ ሌሊት ከእንቅልፉ የስክሪኑ ብርሃን ስቦት፣
ከኋላዬ ቆሟል፤ ጋቢው ከትከሻው ወርዶበት።
"ምንድን ነው?" "ድምፅ ነው አባ።" "ድምፅ ይታያል ደግሞ?"
ነገርኩት፣ ጮክ ብዬ። ሰማኝ፣ አፌን እያየ፣ ቆሞ።
ጉብታውንም ነገርኩት፤ ከግርጌው ያለውን እብጠት።
ጥፍሩ የደቀቀ ጣቱን አሳረፈ በመስታወት፦
"ከላይ ያለው ደረቅ ነው?" "ከጭቃው ይልቅ ደረቅ ነው።"
"ታዲያ ደረቅ ድንጋይ ወሬ አያሳድር፤ ቶሎ አድራሽ ነው።
ግርጌው አልተነሳም ልጄ፤ መልሱ ነው የቸኮለው፤
ፈጥኖ የደረሰን መልስ ነው ጆሮ ቅርብ ነው የሚለው።"

ይህንኑ መጽሐፉ በሦስት ገጽ ቀመር ነው ያለው።
ሸምድጄው፣ ተፈትኜ፣ አልፌ፣ ከዚያ የረሳሁት፤
የሆዱን ፍጥነት ቀይሬ "የኖራ ድንጋይ ሁን" አልኩት፤
ኮምፒውተሩ አጓራ፤ ቆየ፤ ግርጌው መውረድ ጀመረ፤
ጉብታው ተኛ፣ ተዘረጋ፣ ከጎረቤቱ ሰመረ።

መብራት ሄደ።
ሳላስቀምጠው።

ጨለማው ውስጥ ዝናቡ ብቻ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
"አባራ እንዴ?" አለኝ አባቴ፤ ለሱ ዓለሙ ጸጥ ብሏል።
"አላባራም" አልኩት። አልደረሰውም።
ከተቀመጥኩበት ተነስቼ እጁን ልይዘው አልቻልኩም፤
ቀድሞኝ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ መታ፣ መታ፣
አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዝም አለ፣ ለአፍታ፤

ከዚያ በሩን አገኘው።